የመምህርቷ ዘጋቢ ፊልም ነገ ይታያል፤ ድምፁ ግን ከከንፈራቸው ወደ ኋላ እየቀረ አስቸግሮኛል

ጠያቂ፦ እባካችሁ በአስቸኳይ እርዱኝ። በመንግሥት ትምህርት ቤት ለረጅም ዘመን ስላስተማሩ አንዲት መምህርት የሠራሁት ዘጋቢ ፊልም ነገ ጠዋት በመሸኛ ዝግጅታቸው ላይ ይታያል፤ ሆኖም የዋናው ቃለ መጠይቅ ድምፅ ከምስሉ ጋር አልገጥም ብሎኛል። ሲጀምር ልክ ነው፤ እየቆየ ሲሄድ ግን ድምፁ ከከንፈራቸው ወደ ኋላ ይቀራል። መነሻውን ሳስተካክል መጨረሻው ይበላሻል፣ መጨረሻውን ሳስተካክል መነሻው። ምን ላድርግ?

መላሽ 1፦ በስልክ የተቀረጸ ምስል ነው ማለት ነው። ስልክ በሰከንድ የሚይዘው የፍሬም (ቪዲዮው የተሠራባቸው ነጠላ ምስሎች) ብዛት ከፍ ዝቅ ስለሚል ድምፁ እየተንሸራተተ ይሄዳል። ፋይሉን ሃንድብሬክ በተባለው የቪዲዮ መቀየሪያ ፕሮግራም ቋሚ የፍሬም ብዛት ወዳለው ይቀይሩት፣ ከዚያ መልሰው ያስገቡት።

መላሽ 2፦ ከድምፁም በፊት የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር አለ። መምህራን ስለ ሥራቸው ሲናገሩ ተማሪን በስም ጠርተው «እሱ እኮ ማንበብ አይችልም ነበር» ማለታቸው የተለመደ ነው፤ በቅን ልቦና ይናገሩት እንጂ ያ ልጅ ነገ አዳራሹ ውስጥ ከጓደኞቹ መካከል ተቀምጦ ይሰማዋል። ወላጆች ልጃቸው እንዲቀረጽ መፍቀዳቸው የልጁ ችግር እንዲነገር ፈቀዱ ማለት አይደለምና እንዲህ ያለውን ቦታ ሁሉ ፈልገው ያውጡ።

መላሽ 3፦ ቃለ መጠይቁ ስንት ደቂቃ ነው? መጨረሻው ላይ የሚዘገየው ስንት ሰከንድ ነው? በምን ካሜራ ቀረጹት? የመምህርቷ ድምፅ ቀጥኗል ወይስ ወፍሯል? በ48,000 ኸርዝ (በሰከንድ 48,000 ናሙና እየተወሰደ) የተቀዳ ድምፅ በ44,100 ቢነበብ ድምፃቸው በግልጽ ይወፍር ነበር፤ ካልተለወጠ ችግሩ ከዚያ አይደለም።

ጠያቂ፦ ቃለ መጠይቁ 40 ደቂቃ ነው፤ መዘግየቱ ሁለት ሰከንድ ተኩል ገደማ ይሆናል። የቪዲዮ ካሜራ ነው እንጂ ስልክ አይደለም፤ ድምፁን በተለየ መቅጃ ነው የያዝኩት። የድምፃቸው ቃና አልተለወጠም። በስም የተጠሩትን ልጆች ዛሬውኑ አወጣለሁ፤ አመሰግናለሁ።

መላሽ 1፦ አሁንም የምለው ያንኑ ነው፤ ሃንድብሬክን ይሞክሩ።

መላሽ 4፦ እኔ ግን ጥያቄውን ራሱን አልቀበለውም። 40 ደቂቃውን ሙሉ ማግጠም ለምን አስፈለገ? አንድን መምህርት ታላቅ የሚያደርጋቸው ስለ ራሳቸው የሚናገሩት ሳይሆን፣ ልጁ መልሱ ጠፍቶት ሲንተባተብ ወደ ሌላ ተማሪ ሳይዞሩ ጎንበስ ብለው የሚጠብቁት ነው፤ ካሜራዎ ይህን ይዞ ከሆነ እሱን ያሳዩ። ከንግግሩ የሚጠቅሙትን አጫጭር ቁራጮች ብቻ ወስደው እያንዳንዱን ለየብቻ ያግጥሙ። በ20 ሰከንድ ቁራጭ ውስጥ የሚፈጠረው ልዩነት ከአንድ ፍሬም ያነሰ ስለሆነ ማንም አያየውም።

መላሽ 5፦ በሕይወታቸው አርፋጅ ሲቆጡ ኖረው አሁን የገዛ ድምፃቸው አረፈደባቸው! ለማንኛውም፣ ለማግጠሚያ የእጅ ጭብጨባ ካልቀረጹ «ጰ» ወይም «በ» ያለበትን ቃል ይፈልጉ፤ ከንፈር የሚገጥምበትና የሚላቀቅበት ቅጽበት ቁልጭ ብሎ ይታያል።

መላሽ 3፦ የሰጡን ቁጥር ጉዳዩን ፈታው። ካሜራው በሰከንድ 29.97 ፍሬም ቀርጾ ሳለ የቅንብር ፕሮግራሙ በ30 እያጫወተው መሆን አለበት። ልዩነቱ ከሺህ አንድ ነው፤ በ40 ደቂቃ ውስጥ 2.4 ሰከንድ ይሆናል፤ ምስሉ ስለሚፈጥን ድምፁ ወደ ኋላ ይቀራል። የምስሉን ፋይል መረጃ ከፍተው የፍሬም ብዛቱ ወደ 30 ተቀይሮ ካገኙት ወደ 29.97 ይመልሱት። እሱ እምቢ ካለ የድምፁን ፍጥነት 100.1 በመቶ ያድርጉት፤ የቃናው ለውጥ ለጆሮ አይታወቅም። ጊዜ ካጠረዎት ግን የመላሽ 4 መንገድ ይበልጥ አስተማማኝ ነው። የትኛውንም ቢመርጡ የተጠናቀቀውን ፋይል ነገ በሚታይበት ኮምፒውተር ላይ ከፍተው የመጨረሻዎቹን ደቂቃዎች ይመልከቱ፤ ስሕተቱ ካለ የሚታየው እዚያ ነው።