የቲዩብ አምፕሊፋየሬና ሄድፎኔ አልተስማሙም፤ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች፣ ከደሴ ነው የምጽፈው። ማታ ማታ የአምባሰልና የባቲ ቅኝት ማዳመጥ ነፍሴ ነው። ልጆች ስለሚተኙ ድምፅ ወደ ውጭ የማያስወጣ፣ ጀርባው ዝግ የሆነ ውድ ሄድፎን ገዛሁ። ኢምፔዳንሱ (ለኤሌክትሪክ ፍሰት ያለው ተቃውሞ) 35 ኦም ነው። ቆይቶ ደግሞ የቲዩብ አምፕሊፋየር (በመስታወት ቱቦ ድምፅ የሚያጎላ መሣሪያ) አገኘሁ። የውጤት ትራንስፎርመር (ቲዩቡን ከሄድፎኑ ጋር የሚያጣጥም ክፍል) የሌለው ዓይነት ነው፤ የመውጫ ኢምፔዳንሱ 100 ኦም ገደማ።

አሁን ክራሩ ሲመታ ወፍራሙ ድምፅ ያብጣል። ማሲንቆው ይዋጣል፤ እኔ ደግሞ የምወደው እሱን ነው! ዘፈኑ ጸጥ ሲል "እዝዝ" የሚል ድምፅ ይሰማል። ያው ሄድፎን ስልኬ ላይ ሲሰካ ግን ጥርት ይላል።

የአምፕሊፋየሩ የመውጫ ኢምፔዳንስ ከሄድፎኑ ኢምፔዳንስ ቢያንስ 8 ጊዜ ማነስ አለበት ይባላል። ለኔ 4 ኦም ገደማ ማለት ነው። የኔ ጭራሽ ተገላቢጦሽ ሆነ። ቲዩብ መቀያየር ይህን የሚያስተካክለው አይመስለኝም፤ ተሳስቻለሁ? የውጤት ትራንስፎርመር ባለው አምፕሊፋየር ልለውጠው? ወይስ እንደ ቤየርዳይናሚክ ዲቲ 1770 ፕሮ ያለ፣ 250 ኦም የሆነ ዝግ ሄድፎን ልፈልግ? እውነቱን ለመናገር ይሄኛውን መሸጥ አንጀቴ አይችልም። የሞከራችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ። እዝዝታው ከምን እንደሚመጣም ብታስረዱኝ ደስ ይለኛል።