ፓሪስ፣ ፔር ላሼዝ መካነ መቃብር፦ ብቻዬን ዝም ብዬ የምቀመጥበት ጥግ ይኖር ይሆን?

መንገደኛው፦
ሰላም ለሁላችሁ። በሚቀጥለው ወር ለሥራ ፓሪስ እሄዳለሁ፤ አንድ ጠዋት ነፃ ነኝ። አባቴ ካረፈ ገና ዓመት አልሞላውም፣ ከሰው ራቅ ብዬ ቁጭ ማለት እፈልጋለሁ። የጠየቅኳቸው ሁሉ ፔር ላሼዝ ሂድ ይሉኛል። ቪዲዮ ላይ የማየው ግን ካርታ ይዞ የአሜሪካዊውን የሮክ ዘፋኝ የጂም ሞሪሰንን መቃብር የሚፈልግ ቱሪስት ነው። እውነት እዚያ ጸጥታ አለ? ኮረብታ ላይ ነው ስላሉኝ ደግሞ ለጉልበቴ ፈርቻለሁ። በየት በኩል ልግባ?

ቅጠሊት፦
ነፍስ ይማር፣ እግዚአብሔር ያጽናህ። እዚያ ሰፈር ለዓመታት ኖሬአለሁ፤ ሆዴ ሲብሰኝ የምሄደው ወደዚያ ነበር። ጸጥታው አለ፣ ታዋቂዎቹን እየቆጠረ የሚዞር ሰው ግን አያገኘውም።

ነገሩ ከጥንት የመጣ ነው። መቃብሩ እ.ኤ.አ. በ1804 ሲከፈት ከከተማው ውጭ ስለነበር የፓሪስ ሰው ዘመዱን እዚያ ድረስ ወስዶ መቅበር አልፈለገም። በ1817 የፈረንሳይ ደራሲዎቹ የሞሊየርና የላ ፎንቴን፣ የመካከለኛው ዘመን ፍቅረኞች የአቤላርና የኤሎይዝም ናቸው የተባሉ አጽሞች ወደዚያ ፈለሱ። ከዚያ ወዲህ ነው ሰው አጠገባቸው መቀበር የፈለገው። ታላላቆቹ ስሞች ሰው እንዲጠሩ የመጡ ናቸው፤ ዛሬም ይጠራሉ። ሕዝቡ እነሱ ዘንድ ሲሰበሰብ ከ44 ሄክታሩ አብዛኛው ባዶ ይቀርልሃል።

በሦስተኛው የሜትሮ መስመር ከመሃል ከተማ ስትመጣ ፔር ላሼዝ የሚለው ጣቢያ ላይ አትውረድ፣ ዳገቱ ይጠብቅሃል። የሚቀጥለው ጋምቤታ ነው፤ እዚያ ወርደህ ጥቂት ብትራመድ በላይኛው በር ትገባለህ። የድሮው ክፍል ከታች ተዳፋቱ ላይ ነው፦ ጠመዝማዛ መንገድ፣ ትልልቅ ዛፎች፣ በሮቻቸው የዛጉ ትንንሽ የድንጋይ ቤቶች። አንዳንዱ ላይ ጽሑፉን ዝናብ አጥቦት የቤተሰቡ ስም እንኳ አይነበብም። እኔ የምቀመጠው እነዚያ አጠገብ ነበር። አበባ የሚያመጣላቸው የለም፤ ሰው መጥቶ አጠገባቸው ሲቀመጥ ደስ ይለኛል።

ከታዋቂዎቹ አንድ ብቻ ልይ ብትለኝ የሙዚቃ ደራሲውን ሾፒንን እልሃለሁ። ሥጋው እዚህ ነው፣ ልቡ ግን አገሩ ፖላንድ፣ ዋርሶ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው ያረፈው። አባትህ የተቀበረው ካንተ ርቆ ከሆነ እዚያ ብትቆም ይገባሃል።

እርጋታ፦
ቅጠሊት ያለችው ልክ ነው፣ ስለ ጉልበት ግን አልስማማም። ጉልበቱን ለሚያመው ቁልቁለት ከዳገት ይብሳል፤ የታችኛው ኮብልስቶን ደግሞ ወጣ ገባ ነው፣ ሲዘንብ ያንሸራትታል። በጋምቤታ ግባና እዚያው ላይ ቆይ። ላይኛው ክፍል ሜዳ ነው፣ መንገዶቹም ቀጥ ያሉ ናቸው።

በዚያው ከፍታ ወደ ምሥራቁ ጥግ ሂድ። የኮሙኒዎቹ ግንብ የሚባለው እዚያ ነው፤ የፓሪስ ኮሙን የተባለው አብዮታዊ የከተማ አስተዳደር ሲወድቅ፣ ግንቦት 28 ቀን 1871 እ.ኤ.አ.፣ 147 ተዋጊዎች የተረሸኑበት። ፊት ለፊቱ አውሽዊትዝና ማውትሃውዘንን በመሳሰሉ የናዚ ካምፖች ላለቁት የቆሙ ሐውልቶች አሉ። ዘፋኟ ኤዲት ፒያፍም እዚያው ቅርብ ስለሆነች ጎብኚ አይጠፋም፣ ሆኖም የሚጮህ ሰው አላየሁም።

አደራ፣ ቦታው ዛሬም ሰው የሚቀበርበት ነው፤ አስከሬን የሚቃጠልበት ሕንፃም ላይኛው ክፍል ውስጥ ነው። ለቀስተኛ ካየህ ቆመህ አሳልፍ፣ ስልክህንም ኪስህ ክተት። መግቢያው በነፃ ነው። ቅዳሜና እሁድን ተው፤ በሥራ ቀን ገና በሩ ሲከፈት ግባ።

መንገደኛው፦
ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቅጠሊት፣ አዎ፣ ሩቅ ነው የተቀበረው፤ አፈር ሲለብስም አልደረስኩም። በጋምቤታ ገብቼ በመጀመሪያ ወደ ግንቡ እሄዳለሁ፣ ጉልበቴ እሺ ካለኝ ቀስ ብዬ ወደ ሾፒን እወርዳለሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ እዚያ ሻማ ማብራት ይፈቀዳል?

እርጋታ፦
ሰው መቃብሩ ላይ ሲያበራ አይቻለሁ። ለማንኛውም ስትገባ በሩ ላይ ያሉትን ጥበቃዎች ጠይቃቸው፤ ካርታም ከፈለግህ እነሱን ጠይቅ።