ክሮሜ በራሱ ፈቃድ ይሄዳል፤ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ከሦስት ቀን በፊት ፒዲኤፍ ወደ ወርድ የሚቀይር ነፃ ፕሮግራም ጫንኩ። ሳላነብ «ቀጥል፣ ቀጥል» እያልኩ ነው ያለፍኩት፤ ጥፋቱ የራሴ ነው። ከዚያ ወዲህ ክሮም ላይ የሆነ ነገር ልፈልግ ስል ማስታወቂያ ወደሞላበት የማላውቀው ገጽ ይወስደኛል። ያልጫንኩት ኤክስቴንሽን (ክሮም ላይ የሚጨመር መሣሪያ) አገኘሁ፤ ማጥፊያው ግን አይሠራም። ሜኑው ግርጌ «በድርጅትዎ የሚተዳደር» ይላል። የምን ድርጅት? ላፕቶፑ የግሌ፣ ያውም ከወንድሜ የወረስኩት ነው! ፕሮግራሙን አጠፋሁ፤ ክሮምንም እንደገና ጫንኩ። ያው ተመልሶ መጣ። ዊንዶውስ 10 ነው። ሬጂስትሪ (የዊንዶውስ ቅንብሮች የሚቀመጡበት ቦታ) ውስጥ የክሮም ፖሊሲ (ክሮምን የሚያስገድድ ቅንብር) የሚባለውን አጥፋ ተብያለሁ፤ የቱን እንደምነካ ግን ፈራሁ። ፎርማት ሳላደርግ መውጫ አለው? ፓስወርዶቼንስ አሁኑኑ ከስልኬ ልቀይር ወይስ መጀመሪያ ይጽዳ?