የወተት ካርቶን ላይኛው ጠርዝ በአልትራሶኒክ ከታሸገ በኋላ ያፈሳል፣ ምን እንፈትሽ?

የማሸጊያ ክፍል፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጣሪያ ቅርጽ ያለው የአንድ ሊትር የወተት ካርቶን ነው፤ መሠረቱ 70 በ70 ሚሊሜትር፣ አሉሚኒየም የለውም፣ ወረቀቱ በሁለቱም ፊት ፖሊኢቲሊን ተቀብቷል። ታቹ በሙቅ አየር፣ ላዩ በ20 ኪሎኸርዝ አልትራሶኒክ (ጆሮ በማይሰማው ፈጣን ንዝረት) ይታሸጋል። ካርቶኑ ቆሞ ሲያድር ደህና ነው፣ በጎኑ ሲተኛ ግን ከመቶ ሁለት ሦስቱ ያንጠባጥባል። ቅንብሩ፦ አምፕሊቲዩድ (የንዝረቱ ስፋት) 70 በመቶ፣ የንዝረት ጊዜ 120 ሚሊሰከንድ፣ ንዝረቱ ካቆመ በኋላ የመያዣ ጊዜ 50 ሚሊሰከንድ፣ የአየር ግፊት 4 ባር፣ የሚጫነው የአየር ሲሊንደር ዲያሜትር 63 ሚሊሜትር። አምፕሊቲዩዱን 90 ስናደርገው ማፍሰሱ ይቀንሳል፣ ጠርዙ ግን ቡናማ ይሆንና የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል። ሶኖትሮዱ (ጠርዙን እየነካ የሚንቀጠቀጠው ብረት) ይቀየር የሚሉ አሉ። ምን ትላላችሁ?

መካኒክ 63፦
ሶኖትሮዱን ለጊዜው አትንኩት፣ አምፕሊቲዩዱንም ወደ 70 መልሱት። መጀመሪያ የሚያፈስበትን ቦታ በትክክል እወቁ። የላይኛው ጠርዝ ውፍረቱ አንድ ዓይነት አይደለም። ከፊትና ከኋላ ሁለት ግድግዳ አለ፤ በመካከላቸው ከግራና ከቀኝ ወደ ውስጥ የታጠፉት ጎኖች ሁለት ሁለት ንብርብር ሆነው ይገባሉ። ስለዚህ አብዛኛው ቦታ አራት ንብርብር ነው። የካርቶኑ የጎን ስፌት ያለበት ቦታ አምስት ይሆናል። ሁለቱ እጥፋቶች መሃል ላይ የሚገናኙበት ቀጭን መስመር ደግሞ ሁለት ብቻ ነው። ወተት የሚወጣው ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ከነዚህ ሁለት ቦታዎች ባንዱ ነው።

አሁን ሒሳቡን እዩት። የአንዱ ወረቀት ውፍረት 0.4 ሚሊሜትር ገደማ ነው። የውስጡ ፖሊኢቲሊን ከ20 እስከ 40 ማይክሮን ቢሆን ነው። ከአራት ወደ ሁለት ንብርብር ሲወርድ የሚፈጠረውን 0.8 ሚሊሜትር ደረጃ ይህን ያህል ስስ ፕላስቲክ ቀልጦ ሊሞላው አይችልም፤ ወረቀቱ ራሱ ተጨፍልቆ መጠጋት አለበት። ይህ ደግሞ የኃይል ሥራ ነው። በ63 ሚሊሜትር ሲሊንደር 4 ባር የሚሰጣችሁ 1250 ኒውተን አካባቢ ነው፤ 5.5 ባር ብታደርጉት 1700 ያልፋል። አምፕሊቲዩድ ስትጨምሩ የቀነሰው ወረቀቱ በሙቀት ስለለሰለሰ ነው፣ ዋጋውም የቃጠሎ ሽታው ነው።

ሌላው የመያዣ ጊዜው ነው፤ 50 ሚሊሰከንድ አጭር ነው። ፖሊኢቲሊኑ 110 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል። ሳይረጋ ከለቀቃችሁት የተጨፈለቀው ወረቀት ተመልሶ ይነሳና ስፌቱን ከውስጥ ይከፍተዋል፤ አምስት ንብርብር ያለበት ቦታ ላይ ይብሳል። 200 ሚሊሰከንድ ላይ ጀምሩ፤ ማሽኑ ፍጥነት ካጣ፣ በኋላ ቀስ እያላችሁ ታወርዱታላችሁ። የንዝረት ጊዜውን የምትነኩት መጨረሻ ላይ ነው፣ እሱንም በ10 በ10 ሚሊሰከንድ።

ጥራት ቁጥጥር፦
ቦታውን ለማወቅ፦ ካርቶኑን ከመሃሉ ቆርጣችሁ ባዶ አድርጉት፣ አድርቁት፣ ገልብጡትና ሜቲሊን ብሉ የተበጠበጠበት አይሶፕሮፒል አልኮል ከውስጥ በኩል ጠርዙ ላይ አፍስሱ። አምስት ደቂቃ ጠብቁ። ሰማያዊው መስመር መንገዱን ያሳያችኋል። አልኮሉ እሳት ይይዛል፣ ማሽኑ አጠገብ አይሠራም።

ከዚያ ሌላ ካርቶን በእጅ ቅደዱ። ወረቀቱ እየተቦጨቀ፣ ክሩ በሁለቱም ፊት እየቀረ ከተከፈተ ስፌቱ ጥሩ ነው። ፕላስቲኩ እያንጸባረቀ ልስልስ ብሎ ከተላቀቀ ሙቀት አልደረሰውም። እንደ ፀጉር የሚሳብ ክር ካያችሁ ሳይረጋ ተለቋል፣ ወይም ከልክ በላይ ሞቋል።

ካርቶኑ ከመጋዘን በቀጥታ ይመጣ እንደሆነም ጠይቁ። እርጥበት የጠጣ ወረቀት ጉልበቱን ይበላል፣ እንፋሎቱም ፕላስቲኩን ያሳብጠዋል። አንድ ቀን ማሽኑ ባለበት ክፍል ሳይከፈት ይቆይ። የወተት አረፋን በተመለከተ ግን አልትራሶኒክ ከሙቅ አየር ይሻላል፤ ንዝረቱ እርጥቡን ከስፌቱ ያስወጣዋል። ጭማቂ ውስጥ ያለ የፍሬ ቃጫ ሲሆን ግን ያን ያህል አይታመንም።

ኤሌክትሪክ ነኝ፦
«70 በመቶ» የሚለው ቁጥር ብቻውን ለማንም አይጠቅምም። ለምሳሌ ኮንቨርተሩ (ኤሌክትሪኩን ወደ ንዝረት የሚቀይረው ክፍል) በሙሉ አቅሙ 20 ማይክሮን ከሰጠ፣ ቡስተሩ (በኮንቨርተሩና በሶኖትሮዱ መካከል ሆኖ ንዝረቱን የሚያባዛው) 1.5፣ ሶኖትሮዱም 1.5 ካባዛው ጫፉ ላይ 45 ማይክሮን ነው፤ 70 በመቶው 31.5 ይሆናል። ጥገና ላይ ቡስተሩ በሌላ ተቀይሮ ከሆነ ያው 70 ሌላ ነገር ሆኗል። ቡስተሩ ላይ የተጻፈውን አንብቡ።

ቀጥሎ ካርቶን ሳይኖር፣ ሶኖትሮዱ ምንም ሳይነካ በአየር ላይ አንዝራችሁ የሚወስደውን ዋት ጻፉ። በየሳምንቱ መዝግቡት። ከወትሮው ከፍ ካለ ወይ መጋጠሚያው ላልቷል ወይ ሶኖትሮዱ ተሰንጥቋል። ሲሞቅ ፍሪኩዌንሲው በጥቂቱ መውረዱ ጤነኛ ነው፣ በድንገት በብዙ መቶ ኸርዝ መዝለሉ ግን አይደለም። ስትፈቱት የመጋጠሚያ ፊቶቹን በአልኮል ጥረጉ፣ አምራቹ በሰጠው ቶርክ (የማጥበቂያ ኃይል) አጥብቁ፣ መፍቻውንም የሚጋጠሙት ክፍሎች ላይ እንጂ የኮንቨርተሩ ቆብ ላይ አታሳርፉ። ቆቡን ይዞ ማጥበቅ የውስጡን ሽቦ ይበጥሳል። የኮንቨርተሩ ማቀዝቀዣ አየር ደረቅና ዘይት የሌለበት ይሁን። መብራት የሚዋዥቅበት ሰፈር ከሆናችሁና የንዝረት መሣሪያው አሮጌ ከሆነ፣ ቮልቴጅ ሲወርድ አምፕሊቲዩዱም አብሮ ይወርዳል፤ ማረጋጊያ አስቀድሙለት።

የማሸጊያ ክፍል፦
እግዚአብሔር ይስጥልን። ሰማያዊው የወጣው በመሃሉ መስመር ነው፣ ጥቂቱ ላይ ደግሞ በግራ ጫፍ። ወደ ኢንዳክሽን (በማግኔት መስክ ብረትን አሙቆ ማሸግ) ብንቀይረውስ?

መካኒክ 63፦
ኢንዳክሽን የሚያሞቀው አሉሚኒየሙን ነው፤ የናንተ ካርቶን የለውም፣ ስለዚህ አይሠራም። አሉሚኒየም ያለው ሁሉ ኢንዳክሽን ነው ማለትም አይደለም፤ የካርቶን ማሸጊያ አምራቹ ኤስአይጂ (SIG) ላይኛውን ስፌት በአልትራሶኒክ ነው የሚዘጋው።

ግራና መሃል ሁለቱም ከወጡ የሶኖትሮዱንና የአንቪሉን (ከፊቱ ሆኖ ጠርዙን የሚደግፈው ብረት) ትይዩነት አስቀድሙ። ንዝረቱን ከኤሌክትሪኩ አጥፉ፣ ነጭ ወረቀትና ካርቦን ወረቀት በሶኖትሮዱና በአንቪሉ መካከል አስገብታችሁ በአየር ብቻ ዝጉት። አሻራው ግራ ላይ ከደበዘዘ ከአንቪሉ ሥር በ0.05 ሚሊሜትር ስስ ብረት እያነሳችሁ አስተካክሉ። አሻራው እኩል ሆኖ መሃሉ አሁንም ካፈሰሰ ሁለት ነገር ይቀራል። አንቪሉ መሃል ላይ ያለችው ትንሽ ከፍታ ተበልታ ይሆናል፤ ክፍተቱን የምትጫነው እሷ ናት። ወይም እጥፋቶቹ ሳይገናኙ እየቀሩ ነው፤ ካርቶኑ በትክክል አራት ማዕዘን ሆኖ አልቆመም፣ የቅድመ ማጠፊያው ጣቶች ይስተካከሉ።

ካርቦን ፈተናው ላይ ንዝረቱ በስህተት እንዳይነሳ። ሶኖትሮድ ከባዶ ብረት ጋር ከተንቀጠቀጠ ፊቱ ይበላሻል፣ ሊሰነጠቅም ይችላል። «ካርቶን ከሌለ ንዝረት የለም» የሚለው ሴንሰር መሥራቱን በዚያው ፈትሹት።