የመጀመሪያ ኮርስ ብስክሌት በ45 ሺህ ብር፦ ከሁለቱ የትኛውን ልውሰድ?

የሲኤምሲ ልጅ፦
ሰላም ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ከሲኤምሲ ቦሌ ሥራ የምመላለሰው በታክሲ ነው፤ የታክሲው ሰልፍ ስላማረረኝ ብስክሌት ልገዛ ቆርጬአለሁ። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ወደ ለገጣፎ ወጣ ማለት፣ ጉልበት ከኖረም እንጦጦን መሞከር እፈልጋለሁ። ስለዚህ ልቤ ያለው ማውንቴን (ወፍራም ጎማ ያለው የተራራ ብስክሌት) ላይ ሳይሆን ኮርስ (ቀጭን ጎማ ያለው የውድድር ዓይነት ብስክሌት) ላይ ነው። ያለኝ 45 ሺህ ብር ብቻ ነው። ቁመቴ 1 ሜትር ከ72።

ያገለገሉ ሁለት ብስክሌቶች አይቻለሁ። አንደኛው የድሮ ፔጆ ነው፤ የብረት ፍሬም፣ ቀለሙ አዲስ፣ ሲያዩት የሚያምር፣ 28 ሺህ ብር። ፊት 52 እና 42 ጥርስ አለው፣ ኋላ አምስት ማርሽ፤ ጎማው ላይ «27 በ1 1/4» ተጽፏል። ሁለተኛው ትሬክ ነው፤ አልሙኒየም፣ ማርሹ ሺማኖ ሶራ፣ ፊት 50 እና 34 ጥርስ፣ የፍሬሙ መጠን 56 ሴንቲ ሜትር፣ ጎኑ ተጫጭሯል፣ 42 ሺህ ብር። ፔጆውን ብወስድ 17 ሺህ ብር ይተርፈኛል። ምን ትላላችሁ?

ባለ መፍቻ፦
ወንድሜ፣ ፔጆው ያምራል፤ ግን ተወው። ዋናው ጣጣው ጎማው ነው። 27 ኢንች የሚባለው የድሮ ልክ ነው፤ አሁን ኮርስ በብዛት የሚሠራው «700» በሚባለው ልክ ነው። ሁለቱ ሲያዩአቸው አንድ ይመስላሉ፤ ነገር ግን የ27ቱ ቸርኬ ዲያሜትር 630 ሚሊ ሜትር፣ የ700ው ደግሞ 622 ነው፤ የአንዱ ጎማ ለሌላው አይገባም። ጎማው የፈነዳ ቀን ልክህን ፍለጋ መርካቶን ትዞራለህ። በርግጥ የ700 ቸርኬ ገዝቶ የፍሬኑን ላስቲክ 4 ሚሊ ሜትር ዝቅ ማድረግ ይቻላል፤ ግን ያኔ ተረፈኝ ያልከው ብር በቸርኬ አለቀ።

አዲስ ቀለሙም ደስ አላለኝም። የቆየ ብረት ተቀብቶ ለገበያ ሲቀርብ ብዙ ጊዜ ወይ ዝገት አለበት ወይ ብየዳ። የተጫጨረውን ትሬክ እመርጣለሁ፤ ቢያንስ ጉዱ ፊት ለፊት ይታያል።

ግን መጀመሪያ ራስህን ለካ። ባዶ እግርህን ግድግዳ ተደግፈህ ቁም፣ ወፍራም መጽሐፍ በእግሮችህ መሃል እስከ ብሽሽትህ ወደ ላይ ጠበቅ አድርገህ አስጠጋ፣ ከመሬት እስከ መጽሐፉ ጫፍ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሆነ አስለካ። ያንን በ0.67 ስታባዛ የፍሬምህ ልክ በሴንቲ ሜትር ይወጣል። ቁጥሩን ይዘህ ተመለስ።

መቀሌ ኮርስ፦
ባለ መፍቻ ስለ ጎማ ብሎታል፤ እኔ ስለ ማርሽ ልበል። የፔጆው ቀላሉ ማርሽ ፊት 42፣ ኋላ ምናልባት 24 ነው። እሱ ላይ ሆነህ ፔዳሉን አንዴ ስታዞር ብስክሌቱ 3.7 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ትሬኩ ፊት 34፣ ኋላ 28 ከሆነ ግን 2.5 ሜትር ብቻ። ሜዳ ላይ ልዩነቱ ብዙም አይሰማህም። እንጦጦ ላይ ግን አንዱ ቁጭ ብለህ ያወጣሃል፣ ሌላው ከብስክሌቱ አስወርዶ ያስገፋሃል። ከከተማው ተነስተህ ከባሕር ጠለል ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ወደሆነ ከፍታ ነው የምትወጣው፤ አየሩም ይሳሳል።

መቀሌ ውስጥ ኮርስ የቆየ ነገር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስን በመንዳት የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የሆነው ጽጋቡ ግርማይ የዚሁ አካባቢ ልጅ ነው። ግን አንተ ጽጋቡ አይደለህም፣ እኔም አይደለሁም። ለጀማሪ ፊት 50 እና 34 ነው፤ ኋላ 30 ወይም 32 ጥርስ ያለው ካገኘህ ደግሞ አትለፈው። የኋላው ትልቁ ማርሽ ስንት ጥርስ እንዳለው ቆጥረህ ንገረን።

ሐዋሳ ፔዳል፦
እኔ ከሁላችሁም ልለይ ነው መሰለኝ። ወንድሜ፣ ሥራ ለመመላለስ ከሆነ ለምን ኮርስ? ከቦሌ ወደ መገናኛ በኮሪደር ልማቱ የተሠራው የብስክሌት መንገድ ለስላሳ ነው፤ እውነት ነው። ከእሱ ስትወጣስ? ኮብልስቶን አለ፣ ክዳኑ የተነሳ የውሃ ቱቦ አለ፣ ዝናብ የበላው አስፋልት አለ። ቀጭን ጎማ እዚያ ላይ ያስለቅሳል። እኔ ብሆን ደህና ማውንቴን ገዝቼ ጥርስ የሌለው ቀጠን ያለ ጎማ አስገጥም ነበር። በ25 ሺህ ትጨርሳለህ፣ በተረፈው ሄልሜት፣ የፊትና የኋላ መብራት፣ ደህና ቁልፍ ትገዛለህ። እነዚህን በሒሳብህ ውስጥ አስገብተሃል? 45 ሺህ ያለው ሰው የ42 ሺህ ብስክሌት መግዛት የለበትም።

ባለ መፍቻ፦
እህቴ፣ የመጨረሻው ነጥብሽ ላይ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ማውንቴኑ ላይ ግን አልስማማም። በርካሽ የሚሸጡት ማውንቴኖች የፊት ሹካቸው ላይ ያለው ስፕሪንግ ክብደት ከመጨመር በቀር አይሠራም። ልጁ ለገጣፎ ደርሶ መመለስ ይፈልጋል፤ በዚያ ብስክሌት ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ ይሰለቸዋል፣ ብስክሌቱም ሰገነት ላይ የልብስ ማስጫ ይሆናል።

የጎማው ነገር ግን ተገቢ ጥያቄ ነው። ትሬኩ አሁን ስፋቱ 23 ወይም 25 ሚሊ ሜትር የሆነ ጎማ ይሆናል ያለው። በጎማውና በፍሬኑ መሃል፣ በጎማውና በሹካው መሃል ያለውን ክፍተት ተመልከት፤ በየጎኑ ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ ካለ 28 ይገባል ማለት ነው። በ28 ጎማ ኮብልስቶን ይቻላል። ነፋሱንም እስኪደነድን አትሙላ፤ 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ70 እስከ 80 ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ ነው) ይበቃል።

የሲኤምሲ ልጅ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለካሁ፤ 80 ሴንቲ ሜትር ነው። በ0.67 ሲባዛ 53.6 መጣ። ትሬኩ 56 ነው። ቀረብኝ ማለት ነው?

ባለ መፍቻ፦
ልክህ 54 ነው። 56 በጥቂቱ ይሰፋሃል እንጂ የማይሆን አይደለም። ሁለት ነገር ሞክር። ጫማህን እንዳደረግህ የላይኛውን ቱቦ በእግሮችህ መሃል አድርገህ ቁም፤ ብሽሽትህና ቱቦው መሃል ሁለት ጣት ክፍተት ካለ ጥሩ። ከዚያ መቀመጫውን የፔዳሎቹ ክንዶች ከሚዞሩበት እንዝርት መሃል እስከ መቀመጫው ላይኛው ጫፍ 70.6 ሴንቲ ሜትር ላይ አስተካክለህ (80 ሲባዛ በ0.883 ነው) ንዳው። ክንድህ ተወጥሮ ትከሻህ ከተጨናነቀ ሩቅ ነው ማለት ነው። ያኔ መሪውን የያዘውን አንገት በአጭር መቀየር ይቻላል፤ 11 ሴንቲ ሜትር ካለው በ8 ወይም በ9። ርካሽ ዕቃ ነው። 58 ቢሆን ኖሮ ግን ዞር በል እልህ ነበር።

ለማየት ስትሄድ ማስመሪያ ያዝ፤ ኢንች ያለው ይሁን። ከሰንሰለቱ ከአንድ ፒን መሃል ጀምረህ 12 ኢንች ለካ። አዲስ ሰንሰለት ከሆነ 12ኛው ኢንች ልክ ፒን መሃል ላይ ያርፋል። ፒኑ መስመሩን በ1/16 ኢንች ካለፈ ሰንሰለት መቀየር አለበት፤ በ1/8 ካለፈ የኋላውን ጥርስም በልቶታልና ዋጋው ላይ ተከራከር።

ቀጥለህ ፍሬን የሚያሻሸውን የቸርኬ ጎን በጣትህ ዳስሰው። ወደ ውስጥ ጎድጉዶ ከሆነ ቸርኬው አልቋል። መቀመጫውን የያዘውን ዘንግ አስፈትተህ ከፍ ዝቅ አድርገው፤ አልሙኒየም ውስጥ ተጣብቆ የቀረ ዘንግ ማውጣት አበሳ ነው። በመጨረሻም የታችኛው ቱቦ ከመሪው ቱቦ ጋር የሚጋጠምበትን ቦታ በሥሩ በኩል በስልክ መብራት እይ። እዚያ ቀለሙ ላይ ፀጉር የመሰለ መስመር ካየህ ገንዘብህን ይዘህ ተመለስ፤ መጫጫሩ ግን ምንም አይደለም።

ዲሲ ላይ ያለሁ፦
ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ካለህ ሌላም መንገድ አለ። እዚህ ያገለገለ አልሙኒየም ኮርስ፣ ሶራ ወይም ቲያግራ የሚባለው የሺማኖ ማርሽ ያለው፣ ከ300 እስከ 400 ዶላር ባለው ይገኛል፤ በልክህም መርጠህ። ሁለት ነገር ብቻ ልብ በሉ። አንደኛ፣ ከፔዳሉ መገጣጠሚያ ሥር የተቀረጸውን ቁጥር ባይክ ኢንዴክስ የሚባለው ነጻ መዝገብ ላይ አስፈልጉ፤ የተሰረቀ ተብሎ የተመዘገበ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ ዘመድህ ትኬት ከመቁረጡ በፊት አየር መንገዱን ስለ ካርቶኑ ክብደትና ስፋት ይጠይቅ። በርካሽ የቀረበ ካርቦን አይታችሁ እንዳትቋምጡ፤ የተሰነጠቀ ካርቦን በዓይን ላይታወቅ ይችላል።

የሲኤምሲ ልጅ፦
የሚመጣ ዘመድ የለኝም፤ ቢኖርም ለሻንጣው ሌላ ወረፋ ያዥ ሞልቷል :)

ትሬኩን አይቼ መጣሁ። ሰንሰለቱ 1/16ን ትንሽ አልፏል፣ 1/8 ግን አልደረሰም። ቸርኬው ደህና ነው። የመቀመጫው ዘንግ ይንቀሳቀሳል፣ ስንጥቅ አላየሁም። የኋላው ትልቁ ማርሽ 28 ጥርስ ነው። ቆሜ ስሞክረው ሁለት ጣት ክፍተት አለ፤ ስነዳው ግን መሪው ራቀብኝ። ሻጩ 40 ሺህ ብሎ ቆሟል። ጎማው ተንፍሶ ስለነበር ጎሚስታ ጋ ወሰድነው፤ አፉ አይገጥምም ብሎ መለሰን። ይሄ ምንድነው? ተበላሽቶ ነው?

ባለ መፍቻ፦
አልተበላሸም። የኮርስ ከመነዳሪ ብዙውን ጊዜ ቀጭን አፍ ነው ያለው፣ ፕሬስታ ይባላል። የጎሚስታው ቱቦ የተሠራው ለመኪና አፍ ነው። ጫፉ ላይ ያለችውን ትንሽ ፍሬ ፈታ አድርገህ፣ የነሐስ አስማሚ ታጠልቅበታለህ፣ ከዚያ የትም ጎሚስታ ይሞላልሃል። ከጣት ጫፍ የምታንስ ዕቃ ናት፤ ሁለት ግዛ፣ አንዷን ከቁልፍህ ጋር እሰራት። ግን ጎሚስታውን ቀስ በል በለው፤ ያ መጭመቂያ ቀጭን ጎማን በአንድ ትንፋሽ ያፈነዳዋል። የእጅ መንፊያ ብትይዝ ይሻላል።

ዋጋውን በተመለከተ ሰንሰለቱንና የመሪውን አንገት አስቆጥረህ 36 ሺህ በለው። እሱ 38 ይላል። እዚያ ላይ ጨርስ፤ በቀሪው 7 ሺህ ሰንሰለቱን፣ አንገቱንና ሄልሜቱን ግዛ። የ28 ጎማውን አሁን ያለው እስኪያልቅ አቆየው።

ሐዋሳ ፔዳል፦
መብራቱንም። ክረምት እየመጣ ነው፣ ከሥራ ስትወጣ ዝናቡና ደመናው ያጨልመዋል።