ከቦሌ እስከ ዋሽንግተን ርቀቱና ሰዓቱ እንዴት ይሰላል?

ጠያቂ (ደብረ ብርሃን)፦ እናቴ በጥር ወር ወደ ዋሽንግተን ይበራሉ። ርቀቱን በጠፍጣፋ ካርታ ላይ በማስመሪያ መለካት ያስኬዳል? በቲኬቱ መነሻና መድረሻ መካከል ያለው ሰዓትስ የበረራው ርዝመት ነው?

መልስ፦ ማስመሪያውን ይተዉት። ምድር ድቡልቡል ስለሆነች አጭሩ መንገድ በሉል ላይ ክር ወጥረው የሚያገኙት ቅስት ሲሆን፣ እሱም ወደ 11,500 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ሲካፈል 13 ሰዓት ገደማ ይወጣል። ወደ ምዕራብ ሲበሩ ግን የፊት ነፋስ ያስረዝመዋል።

ሌላ መልስ፦ ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ስለሚበልጥ አየሩ ስስ ነው፤ አውሮፕላኑ ሙሉ ነዳጅ ጭኖ መነሳት ስለሚቸግረው በመንገድ አርፎ ሊቀዳ ይችላል። ቲኬቱ የሚያሳየው የየአገሩን ሰዓት በመሆኑ፣ በጥር በልዩነቱ ላይ 8 ሰዓት ይደምሩ።

ሦስተኛ መልስ፦ ለገጣፎ ላይ መጨናነቅ ስለማይጠፋ፣ እናትዎ ዋዜማውን አዲስ አበባ ቢያድሩ ይሻላል።