ልብ ወለዴ ቫራናሲ ላይ ቆሞብኛል፣ እባካችሁ አግዙኝ

ሰላም ወዳጆች። ሁለት ዓመት የደከምኩበት የፍቅር ልብ ወለድ አለኝ። ሦስት ወር ሆነኝ፣ አንድ መስመር አልጨመርኩም።

ታሪኩ ህንድ፣ ጋንጅስ ወንዝ ዳር ባለችው ቫራናሲ ነው። ሁለት ፍቅረኞች ይሞታሉ፣ ደግሞ ይወለዳሉ። እሱ የሚያውቃት በአንዲት ነገር ነው። በሸክላ ኩባያ የቀረበላትን ሻይ ሁለቴ እፍ ትልና ዓይኗን ትጨፍናለች። ይቺን ስጽፍ አልቅሻለሁ።

የተቸገርኩት መጨረሻው ላይ ነው። በሂንዱዎች እምነት ነፍስ እየሞተች እየተወለደች የምትዞርበት ሳምሳራ አለ። ከዚያ ዙር መውጣት ሞክሻ ይባላል። ቫራናሲ የሞተ ሰው ሞክሻን ያገኛል ብለው ያምናሉ። ለዚህም ነው ሽማግሌዎች እዚያ ለመሞት የሚሄዱት። የእኔዋ ልጅ መንፈሷ ነቅቶ እዚያው ትሞታለች። ነጻ ወጣች ማለት ነው። ታዲያ እሱ በሚቀጥለው ሕይወት ማንን ይፈልግ? ብትመለስ መንቃቷ ውሸት ይሆናል። ባትመለስ እሱ ሜዳ ላይ ቀረ።

ቃሉም አስቸግሮኛል። «ዳግም ልደት» ስል ረቂቁን ያነበበችልኝ ጓደኛዬ ኒቆዲሞስንና ጥምቀትን አሰበች። እውነቷን ነው። «ዳግመኛ ሥጋ መልበስ» ብልም የቤተ ክርስቲያን ቋንቋ ሆነብኝ። «ሪኢንካርኔሽን» ደግሞ ፍቅረኛሞች አፍ ላይ ይጎረብጣል።

ልብ ወለድ የምትጽፉ፣ ህንድም የኖራችሁ ካላችሁ ንገሩኝ። እናንተ ብትሆኑ ትመልሷት ነበር? ቃሉንስ ምን ትሉታላችሁ?